የአቶ የኋላሸት ሣር

እንግዳ ይመጣል ሲባል ቤት መጥረግ ያለ ነው። እናቶችን ከሆስፒታል ጠርጎ ማስወጣት ግን በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በገዛ መሥሪያ ቤቴ።

ብርቄ እባላለሁ። ከአሰላ ወደ በቆጂ መውጫ ላይ ባለው ቡርቃ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የማዋለጃ ክፍሉም ኃላፊ። ቁጡ ናት ይሉኛል፣ ውሸት አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ቆሞ ስልክ የሚያወራ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ምን ላድርግ፣ ሲፈጥረኝ እንዲህ ነኝ።

ያን ሰሞን ሆስፒታላችን ትልቅ ነገር ጠይቆ ነበር። የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ለማሠልጠን ዕውቅና ይሰጠን ብሎ። ዕውቅና ደግሞ ከሩቅ ሆኖ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ክፍሉን ያያሉ፣ ሐኪሞቹን ይጠይቃሉ፣ እዚህ ቤት ሐኪም ተምሮ ይወጣል ብለው ካመኑ ይፈቅዳሉ። እኛ እስከዛሬ ጎበዝ ጎበዝ ልጆቻችንን ለስፔሻሊስትነት ወደ ሌላ ከተማ ስንሸኝ ነው የኖርነው። ይሄዳሉ፣ እዚያው ያገባሉ፣ እዚያው ይቀራሉ። በዓል ሲደርስ ደውለው "ሲስተር፣ እንዴት ነሽ፣ ናፍቀሽኛል" ይሉኛል። ደግ ነው፤ ግን በስልክ የሚናፍቀኝ ሐኪም ምጥ ላይ ምን ያደርግልኛል።

ለእኔ ግን ነገሩ ሁሉ የኢፍቱ ነገር ነበር። ዶክተር ኢፍቱ የበቆጂ ልጅ ናት። ጠቅላላ ሐኪም ሆና እኛ ጋ ከተመደበች ጀምሮ ከማዋለጃ ክፍል ንቅንቅ አላለችም። ተረኛ ባልሆነችበት ቀን ሁሉ መጥታ ጓንት ስታጠልቅ አገኛታለሁ፣ እቆጣታለሁ፣ ትስቃለች። ስፔሻሊስት የምትሆንበት ቦታ ራቅ ያለ ከተማ አግኝታ ነበር፤ እንዳትሄድ ግን እናቷ አሉባት። እናቷን ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፣ ከእሷ በቀር ልጅ የላቸውም፣ ከእሷ ጋር ከሚኖሩበት ከአሰላም ንቅንቅ አልልም ብለዋል።

"እዚህ ከተፈቀደልን እማራለሁ እትዬ ብርቄ" አለችኝ አንድ ቀን። "ካልተፈቀደ አንዱ የግል ክሊኒክ ገብቼ አልትራሳውንድ እያነሳሁ እናቴን እጦራለሁ። በቃ።"

በቃ ስትል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም የሚሠራ ሥራ ያለ አስመስዬ ትሪ አነሳሁ።

አስተማሪዋ የሚሆነው ዶክተር ወንደሰን ነው፣ የክፍሉ ዋና ስፔሻሊስት። ሌሎችም ስፔሻሊስቶች አሉን፣ እንደሱ ያለ ግን የለም። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ እጁ አያስችለውም። "ኢፍቱ፣ አንቺ ሥሪው" ይላል፤ ነገሩ ትንሽ ሲከብድ በትከሻው ገፋ አድርጓት ይገባና ራሱ ይጨርሰዋል። እሷ ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆማ ታያለች። "ምን ላድርግ ሲስተር፣ የሴትየዋ ነፍስ ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን በማየት ብቻ ማን እጁን ፈታ?

እንግዲህ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ልምጣ። አቶ የኋላሸትና እኔ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ደግ ሰው ነው፤ ለድሃ ካርድ የሚያወጣው ከኪሱ ነው። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ግን ያ ሰው የት እንደሚሄድ አላውቅም። ለገምጋሚዎቹ ብሎ ግድግዳውን ቀለም አስቀባ፣ መጋረጃ አስለወጠ፣ ከዋናው በር ፊት ለፊት ያለው አፈር ላይ ሣር አስተክሎ ዙሪያውን በሽቦ አጠረው። አስታማሚ ሁሉ ምሳውን የሚበላበት ቦታ ነበር። ጠዋት ማታ ራሱ ውኃ ያጠጣዋል። አንድ ቀን የማን እንደሆነ ያልታወቀ በግ ገብታ ብትግጠው ምሳ ሳይበላ ዋለ።

እሱስ ይሁን። ገምጋሚዎቹ የሚመጡበት ዋዜማ ላይ ጠራኝ።

"ሲስተር፣ ማቆያ ያሉትን እናቶች ለሁለት ቀን ከተማ ጤና ጣቢያ እናሳርፋቸው። አዲስ የሚመጡትንም ወደዚያው እንላካቸው።"

የእናቶች ማቆያ ማለት፣ ቤታቸው ሩቅ የሆነ ወይም የሚያሰጋ ነገር ያለባቸው እርጉዞች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቀመጡበት ቤት ነው። ልብሳቸውን አጥሩ ላይ ያሰጣሉ፣ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ገበያ ነው፣ አልዋሽም።

"ምን አድርገው?" አልኩት።

"ምንም አላደረጉም። ግን ሰው ቤትሽ ሲመጣ እንዲህ አድርገሽ ትጠብቂዋለሽ? ግቢው ጭስ፣ ክፍሉ ጩኸት። ንጹሕ ቤት ይዩ እንጂ።"

"ሩዋይዳ ያለችው እዚያ ነው የኋላሸት። ልጁ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ሆኖ በመቀመጫው ነው ያለው፣ ለዚህ ብለን ነው ከተራራ ያወረድናት።"

"ጤና ጣቢያው እዚሁ ነው። ምጥ ከመጣ ይደውላሉ፣ አምቡላንስ አለ። አንቺ ደግሞ ነገር አታክብጂ።"

ተጨቃጨቅን። ሄዶ ዶክተር ወንደሰንን አናገረው፤ ዶክተሩም በግምገማው ጭንቀት ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ "ለሁለት ቀን ከሆነ" አለ። እናቶቹ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ሩዋይዳ ገና ልጅ እግር ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው። ከመኪናው ላይ ሆና "ሲስተር፣ ምን አጠፋን?" አለችኝ። ፌስታሏን አቀበልኳት።

በማግስቱ ገምጋሚዎቹ ረፋድ ላይ ደረሱ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ናኢማ ይባላሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ጋር ዶክተር ዘሪሁን የሚባል ጎልማሳ አለ። ግቢው እንደ ሠርግ ቤት ሆኗል። አምቡላንሱ ታጥቦ በሩ ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ክራቫት አድርጓል። ስልካችሁን ዝጉ ተብለን ሁላችንም ዘግተናል። ዘበኛው ከዲሮ ደግሞ "ዛሬ ማንም እንዳይገባ" ተብሎ እንደ ወታደር ቀጥ ብሏል።

መጻሕፍት ቤቱን አዩ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉን አዩ። ከዚያ ማዋለጃ ክፍል ገባን። አዲስ ቀለም፣ አዲስ መጋረጃ፣ አንሶላው የተወጠረ። አንድም ሰው የለም። የቀለሙ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዶክተር ናኢማ ባዶ አልጋዎቹን አንድ በአንድ አዩና አንዱን አንሶላ በእጃቸው ዳሰሱት።

"እናቶቹስ?" አሉ።

አቶ የኋላሸት ጉሮሮውን ጠረገ። "ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን ቀለል ብሎልናል።"

"ማዋለጃ ክፍል ሙሉ በሙሉ ሲቀል አይቼ አላውቅም" አሉ ዶክተር ናኢማ። "የሚማሩት ሐኪሞች በምን ሊማሩ ነው? የእናት ቁጥር የሚያንሰው ሆስፒታል ማሠልጠን አይችልም። ይህን ታውቃላችሁ።"

ዶክተር ወንደሰን ጫማውን ማየት ጀመረ። አቶ የኋላሸት መጋረጃውን አስተካከለ። ያን ጊዜ ኢፍቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

"እናቶች አሉን" አለች። "ብዙ ናቸው። ትናንት ከተማ ጤና ጣቢያ ልከናቸው ነው። እንግዳ ስለሚመጣ ቤቱ ይጽዳ ብለን።"

እኔ ልሙት፣ ያኔ አፏን በፕላስተር ብለጥፍላት ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብዙ የምታጣው እሷ ናት። ትምህርቷን፣ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችውን ነገር፣ በአንድ አፍታ አውጥታ ጣለችው። ዶክተር ዘሪሁን ቀና ብሎ አያት። ዶክተር ናኢማ ግን ወደ ማስታወሻቸው አጎነበሱ።

ይሄኔ ነው ከዲሮ የደረሰው። እየሮጠ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

"ሲስተር፣ ሴቶች መጥተዋል። ሲንቄ ይዘዋል።"

ሲንቄ ማለት አርሲ ውስጥ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ዱላ አይደለችም፣ ሰው አይመታባትም። ነገር ግን ሴት ተበድላ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከወጡ ወንድ በፊታቸው አያልፍም፣ የሚከለክላቸውም የለም። የበደለው ሰው መጥቶ ይቅር በሉኝ እስኪል ከቆሙበት ንቅንቅ አይሉም።

"ማንም እንዳይገባ አላልኩህም?" አለው አቶ የኋላሸት።

"ብለውኛል" አለ ከዲሮ። "ግን እኔም እናት አለችኝ። በሩን ከፍቼዋለሁ። አንገባም ያሉት እነሱ ናቸው።"

ሁላችንም ወጣን፣ እንግዶቹም ጭምር። በሩ ላይ የፈረስ ጋሪ ቆሟል። ጋሪው ላይ ሩዋይዳ በነጠላ ተሸፍና ተጋድማለች፤ ዙሪያዋን ሴቶች ከብበው በዝግታ ያዜማሉ። ከፊት የቆሙት አማቷ ናቸው፣ የባሏ የሁሴኖ እናት። ምራታቸውን ሊጠይቁ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከተራራ ወርደው ማቆያው ተዘግቶ ያገኙታል፤ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ልጅቷ ኮሪደር ላይ ፍራሽ ላይ ተኝታ ምጥ ጀምሯታል። ጤና ጣቢያው ቢደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። አምቡላንሱም እኛ ጋ ታጥቦ ቆሟል። በጋሪ ይዘዋት መጡ።

ኢፍቱ ማንንም ሳትጠይቅ ጋሪው ላይ ወጣች። በነጠላው ሥር አየቻትና ቀና አለች።

"በመቀመጫው ነው። ወርዷል። ለኦፕራሲዮን ጊዜ የለንም፣ እናስገባት።"

ከዲሮ የፈረሱን ልጓም ያዘ። የሁሴኖ እናት ግን ሲንቄያቸውን በበሩ አግድም ያዙ። በኦሮምኛ ነበር የተናገሩት፤ ረጋ ብለው፣ ለእኛ ለሁላችን።

"ትገባለች። ነፍሰ ጡር ከቤት ያወጣው ሰው ግን አስቀድሞ ይምጣ። ዝም ብለን ካስገባናት ነገ ሌላዋን ያወጣል።"

አቶ የኋላሸት ኦሮምኛ እንደ አፍ መፍቻው ነው። የአገሩ ልማድ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። እንግዶቹን አየ፣ ሩዋይዳን አየ። ሩዋይዳ አቃሰተች። ከዚያ ያ ሰው፣ በግ ገጠችብኝ ብሎ ጾሙን የዋለው ሰው፣ በክራቫቱና በተወለወለ ጫማው ሽቦውን ተሻግሮ ሣሩ መሐል ገባና በሁለት እጁ ይነጨው ጀመር። አርሲ ውስጥ ይቅርታ የሚጠየቀው እርጥብ ሣር ተይዞ ነው፤ ሌላ እርጥብ ሣር ደግሞ በአካባቢው አልነበረም። በጋ ነው። እፍኙን ሞልቶ፣ ከነጭቃው፣ ሴቶቹ ፊት ቀርቦ ጎንበስ አለ።

"ዲፋማ" አለ። ይቅርታ ማለት ነው። "ያወጣኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በሉኝ።"

የሁሴኖ እናት ሣሩን አዩት። ከዚያ ከላዩ ቆንጠር አድርገው ወሰዱ፣ ሲንቄያቸውንም ዝቅ አደረጉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ዓይኔን የምጠርግበት ጊዜ አልነበረኝም፣ አልጋ እየገፋሁ ነበር።

ከሩዋይዳ ኋላ ሌሎቹም ገቡ። ጤና ጣቢያ የነበሩት እናቶች በባጃጅ ተከታትለው ደረሱ፣ አንዷ መንገድ ላይ ምጥ ጀምሯት ነበር። ያ አዲስ አንሶላ ወዲያው ተጨማደደ። የቀለሙም ሽታ ጠፋ። ክፍሉ ክፍል መሰለ።

ሩዋይዳ አልጋ ላይ ስትወጣ ኢፍቱም ዶክተር ወንደሰንም ጓንት አጠለቁ። ዶክተር ናኢማ በር አጠገብ ቆመዋል። እኔ በልቤ፣ እንግዲህ ዛሬም በትከሻው ገፋ ሊያደርጋት ነው አልኩ። በመቀመጫው የመጣ ልጅ ቀልድ አይደለም። ገላው ወጥቶ ጭንቅላቱ ከቀረ አለቀ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ወኔ የከዳውን ሐኪም ብዙ አይቻለሁ።

ልጁ በመቀመጫው ብቅ አለ። ዶክተር ወንደሰን አንድ እርምጃ ቀረበ። እጁ ሲነሳ አየሁት። ከዚያ ቆመ። ሁለቱንም እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

"አትጎትቺ" አላት። "እሷ ትግፋው። አንቺ ጠብቂ።"

ኢፍቱ እጆቿን ዘርግታ ጠበቀች። "ጀባዱ ሩዋይዳ፣ ጀባዱ" ትላታለች። በርቺ ማለቷ ነው። እግሮቹ ወረዱ፣ ሆዱ ወረደ። የኢፍቱ ግንባር አብረቀረቀ። አንገቷን ወደ ዶክተሩ ዞር አደረገች፤ ና ግባልኝ የምትለው መሰለኝ። እሱ ከኋላ ያጣመረው እጁ እርስ በርሱ ተናንቋል፣ አንጓው ነጥቷል።

"አልገባም" አላት። "ታውቂዋለሽ። ክንዱ ይኸው ወጣ። አሁን ጣቶችሽን ጉንጩ ላይ። አገጩን ወደ ደረቱ። ሲስተር፣ ከላይ ጫን በይላት።"

ከላይ ጫን አልኩ። ኢፍቱ እንዳላት አደረገች። ጭንቅላቱ ወጣ። ልጁ፣ ለካ ሴት ናት፣ ዝም አለች። ጀርባዋን አሸሁ፣ አሸሁ። አላለቅስም ብላ ከቆየች በኋላ ጣሪያውን በጩኸት ነቀለችው። ውጪ የቆሙት ሴቶች ሰምተው እልልታውን አቀለጡት። ሩዋይዳ እጄን ይዛ "አሁንስ አታወጡኝም?" አለችኝ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ዶክተር ናኢማ ከመሄዳቸው በፊት ዶክተር ወንደሰንን ጠየቁት።

"ሁልጊዜ እንደዚህ እጅዎን አጣምረው ነው የሚያስተምሩት?"

"አይደለም" አለ። "ዛሬ ጀመርኩ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየናቸው። ስለ ውሳኔው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። መኪና ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ብቻ ወደ አቶ የኋላሸት ዞሩና "ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ሽንት ቤቱን ብቻ አጽዱ" አሉት። ምን ማለታቸው ነው ብለን ሌሊቱን ሁሉ ስንተረጉመው አደርን።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሳምንቱ በሳምንት ተተካ። ከአዲስ አበባ ድምፅ የለም። ኢፍቱ መጠየቅ አቆመች። አንድ የግል ክሊኒክ ቦታውን ይዤልሻለሁ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ንገሪኝ ብሏታል። መሳቋ ቀረ። እኔ ቁጣዬን በረዳት ነርሶች ላይ ተወጣሁት፤ እነሱ ምን አጠፉ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከኢፍቱ ጋር አራሶቹን እየዞርን ሳለ፣ አቶ የኋላሸት በሩ ላይ ቆመ። ክራቫት የለውም። በሁለት እጁ እፍኝ ሙሉ እርጥብ ሣር ይዟል።

ኢፍቱ ሣሩን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሲወርድ አየሁት። ሣር የያዘ ሰው ምን ሊል እንደሚመጣ ታውቃለች፤ የአርሲ ልጅ አይደለች? ይቅር በይኝ፣ በእኔ ጥፋት ከለከሉን ሊላት ነው። እኔም እንደዚያው ነው የመሰለኝ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

"በራስዎ ላይ አይፍረዱ አቶ የኋላሸት" አለች ቀስ ብላ። "የእርስዎ ጥፋት አይደለም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።"

"ኧረ የለም" አለ፣ ግራ ተጋብቶ። "ለይቅርታ አይደለም። ሣር ሲመርቁም ይያዛል፤ ይኼ ለምርቃት ነው። አሁን ደወሉ። ተፈቀደ። የኦፕራሲዮን ክፍሉን መብራት ቀይሩ ብለዋል፣ መጻሕፍት ጨምሩ ብለዋል። ሌላው ሁሉ ተፈቀደ። ከመስከረም ጀምሮ።" ሣሩን ዘረጋላት። "ስምሽን ጠርተው ጠየቁኝ። ያቺ እውነቱን የነገረችን ልጅ ታመለክታለች ወይ አሉ።"

ኢፍቱ ሣሩን ተቀበለችና እዚያው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አራሷ ከጎኗ ሆና ምን እንደሆነ ሳታውቅ ጀርባዋን ደባበሰቻት።

"አንተ ሰው ግን" አልኩት የኋላሸትን፣ እያለቀስኩ፣ "አስቀድመህ አትናገርም ነበር? ልትገድለን ነው?"

"ሣሩ ደስ የሚላት መስሎኝ ነው" አለ።

በመስኮቱ ወደ ግቢው አየሁ። ሽቦው ተነሥቷል። ሣሩ በሦስት ቦታ ተመልጧል፣ ከማቆያው የመጡት እርጉዞች በተረፈው ላይ ተዘርግተው ገንፎ ይበላሉ። ከዲሮ አንዷን ትራስ ያቀብላታል።

ሥራ ስንጨርስ ከኢፍቱ ጋር ወደ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ኢፍቱ ብዙ አላወራችም። "እዚሁ ነው የምማረው እማዬ፣ የትም አልሄድም" አለቻቸውና ሣሩን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ሴትየዋ የሚታዘዝላቸውን እጃቸውን አንሥተው ቆንጠር አድርገው ወሰዱና የልጃቸው ፀጉር ላይ አኖሩት።